የዋፊቃ አሥራ አንድ ደቂቃ

ፍፁም የሚባለው ልጅ ስድስት ታብሌት ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍላችን የመጣው በጥቅምት ነው። ዕድሜው ሠላሳ አይሞላም። ሕክምና አልተማረም፤ የሰው ቁስል አጥቦ አያውቅም። በሰማያዊ ክር መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አሥራ አራት ነርሶች አዳራሽ ውስጥ ከፊቱ አስቀምጦ፣ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚወስን ያስተምረን ጀመር። «ሕመምተኛው የውሳኔው ባለቤት ነው» አለ። ቀጥሎ «ስለዚህ ቪዲዮውን ካየ በኋላ የማይፈርምበት ምክንያት አይኖርም» አለ። ሁለቱ አረፍተ ነገሮች እርስ በርሳቸው እንደሚጣሉ የታየው ሰው አልነበረም፤ ወይም ታይቶት ምሳ እስኪደርስ ዝም ብሏል። እኔም ዝም ካሉት አንዷ ነኝ።

ወይንሸት እባላለሁ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ሐረር ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ ቤቴ አቦከር ሰፈር ነው። በእነዚህ ዓመታት ስንቱ ፕሮጀክት ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። እጅ መታጠብ የሚያስተምረን መጥቶ ነበር፤ ፖስተሩ እስካሁን ውሃ ከማይወርድበት ቧንቧ በላይ ተለጥፏል። ከሕመምተኛ ጋር በፈገግታ ስለ መነጋገር ያሠለጠነን መጥቶ ነበር፤ አሠልጣኙ ሁለቱንም ቀን አንድም ጊዜ ፈገግ አላለም። ስለዚህ የፍፁም ታብሌት አላስደነቀኝም።

ቪዲዮው ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ስኳር በሽታ እግራቸውን ለጎዳባቸውና መቆረጥ አለበት ለተባሉ ሰዎች የተሠራ ነው። ጢሙን ተላጭቶ የተቀባባ አንድ ሰውዬ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ነጭ ጋቢ ጣል አድርጓል። «እግሬን አጣሁ፣ ሕይወቴን ግን አገኘሁ» ይላል። ሚስቱ ጭማቂ ታመጣለታለች። ልጆቹ ይስቃሉ። ከኋላ ዋሽንት ይነፋል። መጨረሻ ላይ «ውሳኔዎ ሕይወትዎ ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ከዚያ ነርሷ ታብሌቱ ላይ ሕመምተኛው ተረድቷል ወይም አልተረዳም የሚለውን ትነካና ፎርሙን ታቀርባለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሼህ አደም የገቡት በኅዳር መጀመሪያ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሶፊ ወረዳ ውስጥ ጫት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስልሳ አምስት ገደማ። ማሳቸው ውስጥ ድንጋይ ቀኝ እግራቸውን መቷቸው፣ ቁስሉ ሁለት ወር ሳይሽር ከረመ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ሁለት ጣታቸው ጠቁሯል፤ ሽታው ገና በሩ ላይ ይቀበላል። የምታስታምማቸው ልጃቸው ሙና ናት፤ ብዙ የማትናገር፣ ሁሉን የምታይ ሴት። ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ዘላለም ቁስሉን ቆሞ ተመለከተና «ከጉልበት በታች ይቆረጣል፤ ከሦስት ቀን በላይ መቆየት የለበትም» አለ።

ሼህ አደም «ወደ ቤቴ መልሱኝ» አሉ።

ዶክተሩ «ቪዲዮውን አሳዪያቸው» አለኝና ወደ ሌላው አልጋ አለፈ።

ፍፁም በዕለቱ እዚያው ነበር። የመጀመሪያው ተመልካች ስለሆኑ ፎቶ ለማንሳት ከአልጋው ግርጌ ቆመ። ታብሌቱን ትራስ ላይ አስደግፌ ከፈትኩላቸው። ሼህ አደም አማርኛ በደንብ ይሰማሉ፤ ሠላሳ ዓመት ከተማ ጫት ሲያወርዱ ኖረዋል። እስከ መጨረሻው አዩት።

«እንደገና አሳዪኝ» አሉ።

ፍፁም ደስ አለው፤ ደጋግሞ አነሣቸው። ሁለተኛው ሲያልቅ ሼህ አደም ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እግሩን የት ነው ያደረገው?»

«ተቆርጦ ነው እኮ አባቴ።»

«አልተቆረጠም። አጥፎ ተቀምጦበታል። ሚስቱ ብርጭቆውን ስትሰጠው ዘወር ሲል ጋቢው ከኋላ ተነሣ፤ ተረከዙ ታየ።»

እኔ ቪዲዮውን በሥልጠናው ከሃያ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ወደ ኋላ መለስ አድርጌ አቆምኩት። ተረከዙ ይታያል፤ ካልሲ ለብሷል። ሙና አፏን በሻሿ ሸፈነች።

ፍፁም «ተዋናይ ነው» አለ። «ዋናው መልእክቱ ነው።»

«ሁለት እግር ያለው ሰው ነው እግርህን ስጥ የሚለኝ?» ሼህ አደም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ደግሞ ከሶፋው አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ሽንት ቤት እንዴት ይሄዳል? ሲሰግድ ሱጁድ እንዴት ይወርዳል? እኔ ቤቴ ዳገት ላይ ነው፤ ጫቴ ከቤቴ በላይ ነው። ይህ ትምህርት ሳሎን ላለው ሰው ነው። እኔ ሳሎን የለኝም።»

«አባቴ፣ አስቸጋሪውን ነገር ካስገባን ሕመምተኛው ይፈራል። ተጠንቶ ነው የተሠራው።»

«አሁን አልፈራሁም ብለህ ነው?»

ፍፁም ታብሌቱን ከትራሱ ላይ አነሣና ጎንበስ ብሎ «አልተረዳም» የሚለውን ነካ። ዓይኔ እያየ ነካው። በክፍሉ ውስጥ ቪዲዮውን በትክክል የተረዱት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዤ ከጀጎል ግንብ በሮች ወደ አንዱ፣ ወደ ኤረር በር ወረድኩ። እዚያ ዋፊቃ የምትባል ቲማቲምና ድንች የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከሁለት ዓመት በፊት በስኳር ምክንያት ግራ እግሯን እኛ ክፍል ነው የተቆረጠችው። ክራንቿን ግንቡ ላይ አስደግፋ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እንደምን ነሽ ዋፊቃ?»

«አልሐምዱሊላህ። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስታልፊ አይሻለሁ። ዛሬ ምን ጠፍቶብሽ ቆምሽ?»

የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ስለ ሼህ አደም፣ ስለ ሶፋው፣ ስለ ተረከዙ። ተረከዙ ጋ ስደርስ ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ወላሂ ኀፍረት የሚባል ነገር አታውቁም። እኔን ስትቆርጡኝ ምን ነበር ያላችሁኝ? ‹ትድኛለሽ› አላችሁኝ፤ አንዲት ቃል። ከዚያ አንቺ አውራ ጣቴን ይዘሽ ቀለሙ ላይ ጫንሽው። ፊርማዬን እችላለሁ ልልሽ ነበር፤ ጊዜ አልሰጠሽኝም።»

ይህን እኔ ረስቼዋለሁ። እንደሷ ያለ ስንት አውራ ጣት ይዤ እንደ ጫንኩ አላውቅም። ፍፁምን ስንቀው የሰነበትኩት እኔ፣ እሱ ገና ተማሪ ቤት ሳለ የእሱኑ ሥራ ያለ ታብሌት ስሠራው ነበር።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ይቅርታሽ ይቆይ። ሰውየው ይሙት?» ድንቿን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ክራንቿን ያዘች። «እናገራለሁ። ለእኚህ ሰውዬ ብቻ ነው። አንድ ቃል እንዳትቆርጪበት።»

ቤቷ ጀጎል ውስጥ ነው፤ ባጃጅ የማይገባበት ጠባብ መንገድ። እሷ በክራንች ከፊት፣ እኔ በሁለት እግሬ ከኋላ፤ ቁልቁለቱ ላይ እየቀደመችኝ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ቤት ስንገባ ወደ ነደባው፣ ወደ ከፍተኛው መደብ፣ መውጣት እንደማትችል አሳየችኝ። የሠርጓ ቀን የተቀመጠችበት መደብ ነው። አሁን እንግዳ ሲመጣ እሱ ከላይ፣ እሷ ከታች በር አጠገብ ትቀመጣለች። «ይህን ቅረጪው» አለች። በስልኬ ቀረጽኩ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረች። የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ የተቆረጠውን ቦታ አሳየች። የሌለው እግሯ እስከ ዛሬ እንደሚያሳክካት፣ ልታክከው እጇን ሰድዳ ፍራሽ እንደምታገኝ ነገረች። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንት ቤት ወድቃ ባሏ መጥቶ ሲያነሣት እንደ ሰደበችው ተናገረች። ሰው ሠራሹ እግር ልኳ ስላልሆነ አቁስሏት አልጋ ሥር እንደ ጣለችው፣ ሰላቷን ወንበር ላይ ተቀምጣ እንደምትሰግድ፣ ኢማሙ ይበቃል ቢላትም ግንባሯ መሬት የሚነካበት ጊዜ እንደሚናፍቃት ነገረች። ሥራዋን እንደማትተው፣ የልጅ ልጅ እንዳየች፣ ባትቆረጥ ኖሮ ይህን እንደማታይ ተናገረች። በመጨረሻ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«አንድ ጎረቤት ነበረኝ። አይቆረጥም ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሦስት ወሩ ሞተ። ቤቱ፣ ሰዎቹ መሀል ሞተ። ግን ሸተተ፤ ልጆቹ በሩ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ተሳስቷል አልልም። እኔም ተሳስቻለሁ አልልም። እርስዎ አያውቁኝም፤ እንዲህ አድርጉ አልልዎትም። የሆነውን ግን ነገርኩዎት።»

ከሰዓት በኋላ ስልኬን ለሼህ አደም ሰጠኋቸው። ሙና ጎናቸው ተቀመጠች። የአጎራባች አልጋ ሰዎችም አንገታቸውን አሰገጉ። ሼህ አደም ሽንት ቤቱ ጋ «አቁሚው» አሉና ሙናን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቋት፤ የኛ ቤት ሽንት ቤት በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው ወይስ ወደ ውጭ ማለታቸው ነበር። ወደ ውስጥ ነው አለች። «ወደ ውጭ ይገለበጣል» አሉ። «ቀጥዪ» አሉኝ። የጎረቤቱ ታሪክ ሲመጣ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።

ሲያልቅ «ሴትየዋን ላናግራት» አሉ። ደወልኩ። ዋፊቃ ኦሮምኛ ገበያ ላይ ተምራዋለች፤ ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ግማሹን ሰምቻለሁ፤ ግማሹ የኔ አይደለም።

ከዚያ ዶክተሩን አስጠሩት። ዘላለም ሊቆም ሲል ሼህ አደም በእጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ መታ መታ አደረጉ፤ ተቀመጠ። በዚያ ክፍል ተቀምጦ ሕመምተኛ ሲያናግር ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ከታች ቆርጣችሁ መበስበሱ ወደ ላይ ቢወጣስ?»

«ይችላል። ድጋሚ የሚቆረጡ አሉ።»

«ጥቂት ናቸው ወይስ ብዙ?»

ዘላለም ወደ እኔ አየት አደረገ፤ ከዚያ እውነቱን ተናገረ። «ጥቂት አይደሉም፤ ስኳርዎን ካልጠበቁ ደግሞ ይበዛሉ።»

«ሳልቆረጥ ብሄድስ?»

«ሳምንታት ይኖራሉ። ምናልባት ሁለት ወር። መጨረሻው ከባድ ነው፤ ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ።»

«እስካሁን ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

ዶክተሩ «አልጠየቁኝም» ሊል አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን አይቶ ተወው።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሼህ አደም መልሳቸውን ሰጡ። ይቆረጥ፤ ከጉልበት በታች። ወደ ላይ ከወጣ ግን ሁለተኛ እንዳይቆርጧቸው፣ ለሙና እንዲያስረክቧቸው። የተቆረጠውም እግር ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጣል፤ ሶፊ ወስደው ይቀብሩታል። ዘላለም ሦስቱንም ፎርሙ ጀርባ ላይ ጻፈ። ሼህ አደም እስክሪብቶውን ተቀብለው ስማቸውን በዓረብኛ ፊደል ፈረሙ። የቀለሙ ሳጥን ከመሳቢያው አልወጣም። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጡ።

ፍፁም በሪፖርቱ ላይ «መጀመሪያ ያልተረዱ ሕመምተኛ ቪዲዮውን ደግመው ካዩ በኋላ ተስማሙ» ብሎ ጻፈ። ያንን ሳይሆን ሌላውን ነው ያዩት ብዬ ነገርኩት። «የትኛውን ሌላ?» አለ፤ ዓይኑ በራ። እዚያ ላይ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። እሱ ቢጠይቀኝም አልሰጠሁትም። ዶክተር ዘላለም «እስቲ እኔም በደንብ ልየው» ሲለኝ ግን በቴሌግራም ላክሁለት፤ ሥራዬን የሚያደንቅ መስሎኝ። ዘላለም ደግሞ ለፍፁም አሳለፈው።

በጥር ፕሮጀክቱ ከተማው ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይቶ ትልቅ ስብሰባ ጠራ። ዋፊቃንም የክብር እንግዳ ብለው በመኪና አመጧት፤ ስለ ስኳር በሽታ ንግግር አለ ብለው እንጂ ሌላ አልነገሯትም። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። እኔ ከኋላ ነበርኩ። መብራቱ ጠፋና ግድግዳው ላይ ፊቷ ወጣ።

ሁለት ደቂቃ ነው። ሽንት ቤቱ የለም። የተቆረጠው ቦታ የለም። ነደባው የለም፣ ፍራሹን ማከኳ የለም፣ ጎረቤቱ የለም። «ሥራዬን አልተውኩም፤ የልጅ ልጅ አየሁ፤ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። አንድ ቦታ ላይ ትስቃለች፤ ቀረጻው ላይ ስለ ሰው ሠራሹ እግር ስትቀልድ የሳቀችው ነው፤ ቀልዱን አውጥተው ሳቁን አስቀርተዋል። ያው ዋሽንት ከኋላ ይነፋል። ሰው አጨበጨበ። ፍፁም ማይክራፎኑን ወደ እሷ ይዞ መጣ።

ዋፊቃ ተቀምጣ አልተናገረችም፤ ክራንቿን አስተካክላ ተነሣች። አዳራሹ እስክትቆም ጠበቀ።

«ይህችን ሴትዮ አላውቃትም» አለች። «ይህች ምንም ያልሆነች ሴት ናት። እኔ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የተናገርኩት። የቀረውን አሳዩ።»

ፍፁም ጎንበስ ብሎ «ጊዜ ስለሌለን ነው፤ ምሳ ደርሷል» አላት። ማይክራፎኑን አልዘጋውም ነበር፤ ሁሉም ሰማ።

«ብሉ» አለችና ወጣች።

በሩ ላይ ደረስኩባት። ልናገር ስል በክራንቿ መንገዱን ዘጋችብኝ።

«እሱ አያውቀኝም። አንቺ ታውቂኛለሽ። ከሱ አንቺ ትብሻለሽ።»

ልክ ናት።

ከሳምንት በኋላ ሼህ አደም ቁስላቸውን ሊያሳዩ መጡ፤ ሙና የሆነውን ከኔ ሰምታ ነገረቻቸው። እሳቸው ማንንም ሳያማክሩ ኤረር በር ወርደው ዋፊቃን ይዘው ተመለሱና፣ ሁለቱ ከረፋዱ ጀምሮ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር በር ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊዋ ቀጠሮ አላችሁ ወይ ስትላቸው ሼህ አደም «እግር የለንም፤ የት እንሄዳለን» አሏት። ዳይሬክተሩ ሁለት ጊዜ በጓሮ በር ወጥቶ ገባ። እኔም የጥፋቴን ሦስት ገጽ ጽፌ፣ ፈቃድ ያልተሰጠበት ቪዲዮ መሆኑን፣ መጀመሪያ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ መሆኔን ፈርሜ አስገባሁ። ከሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ አዲስ አበባ ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ደወለ። ሁለት ደቂቃዋ ቪዲዮ በማግሥቱ ከፕሮጀክቱ ታብሌቶች ሁሉ ወረደች። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ሙያዊ ምስጢር በማውጣት። ዘላለምን የጠየቀው የለም። ፍፁም ሌላ ክልል ሌላ ፕሮጀክት ላይ አድጎ ተዛወረ፤ እንደሱ ያለ ሰው ወርዶ አያውቅም።

ዋፊቃ ለሁለት ወር አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ቀን እሷው ደወለች። ቪዲዮው ካንቺ ስልክ አይውጣ፣ ሙሉውን አሳዪ፣ ያየው ሰው ከፈለገ እኔን ያናግረኝ አለች። «አሁንም ይቅርታ አላደረግኩልሽም» ብላ ዘጋችው። እንዳለችው እያደረግኩ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ወልደ ጊዮርጊስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ወታደር እኛ ክፍል ተኙ። እግራቸው ከሼህ አደምም የባሰ ነበር። አሥራ አንዱን ደቂቃ አሳየኋቸው፤ ከዋፊቃ ጋር ተነጋገሩ፤ ዶክተሩን ጠየቁ። ከዚያ «አይቆረጥም» አሉኝ። የድሮው ነገሬ አፌ ላይ መጣ፤ ልጆችዎን አያስቡም ወይ፣ ምን ዓይነት ግትር ሰው ነዎት የሚለው። ዋጥኩት። ምን እንደሚጠብቃቸው መልሰው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው፤ አንድም ሳይቀር፣ ሽታውን ጭምር፣ ነገሩኝ። ማስታገሻውን አዘጋጅቼ፣ ፋሻ አጠቃቀሙን ለሚስታቸው አሳይቼ፣ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘኋቸው።

አምስት ሳምንት ኖሩ። ሚስታቸው የተረፈውን መድኃኒት ልትመልስ መጥታ ነገረችኝ። መጨረሻው ከባድ ነበር ወይ አልኳት። ከባድ ነበር አለች። ተጸጽተው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አንድ ቀን ብቻ» አለች፤ «በማግሥቱ ግን ‹ጢሜን ላጪኝ› ብለውኛል።»

መድኃኒቱን ተቀብዬ ቆጠርኩና ፈረምኩላት።